የደምሴ ጡሩንባና የእኔ መፈክር

ሰው የሚሞተው ባለማወቁ ነው የሚል እምነት አለ። ይህን እምነት የሚያራምዱት በአብዛኛው ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፦ ጠጥቶ መንዳት አደገኛ መሆኑን ያልሰማ ሹፌር በአዲስ አበባ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የጠጣው ነው። ሦስተኛውን ጠርሙስ ከጨረሰ በኋላ ስለ መንገድ ደኅንነት የእሱን ያህል አሳምሮ የሚያስተምር የለም። ክንዳችሁን ይይዝና ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ወንድሜ፣ ሰው እያለቀ ነው እኮ!» ይላችኋል። ከዚያ ኪሱን ዳብሶ የመኪናውን ቁልፍ ይፈልጋል። ሲያጣውም ፈልጋችሁ የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ።

የምሠራው ስሙን ብጠራው ለማናችንም በማይበጅ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መልእክት ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ሕዝቡን «አታድርግ» ማለት ነው። አትሽና፣ አትጣል፣ አትቁረጥ፣ አታቋርጥ። እናቴ በነፃ ትሠራው የነበረውን ሥራ እኔ በደመወዝ እሠራለሁ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እናቴ ስትናገር የሚሰማት ሰው መኖሩ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስለ ጠጥቶ ማሽከርከር መፈክር አዘጋጅ ተባልኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጠጥተው አያሽከርክሩ፤ ቤተሰብዎ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል።»

ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቀመጠበት። አንደኛው፣ «በር» ሲባል የኮንዶሚኒየም ነዋሪውን አያገልም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ደረጃውስ? ሌላኛዋ «ቤተሰብ» ብቻ ከሚሆን «ቤተሰብና ባለድርሻ አካላት» ቢባል አቃፊ ይሆናል አለች። ሌላው ደግሞ «ቆሞ» የሚለው ቃል ሆዱን ባር ባር ስላሰኘው ለምን አይቀመጡም አለ። በሦስተኛው ስብሰባ ሰብሳቢው ሌላ ስብሰባ ስለነበረባቸው መፈክሬ አንድም ፊደል ሳይነካ አለፈ። የሀገራችን መልካም ነገር ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺን «በር ላይ ቆሞ» የምትለዋን ሐረግ አላፈለቅኳትም፤ ሰርቄያት ነው። የሰረቅኩትም ከጎረቤቴ ከእትዬ ሙሉነሽ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ የጋሽ ወርቁ ባለቤት ናቸው። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በአንድ የግንብ አጥር ብቻ ነው የምንለያየው። ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የግንባታ ፎርማን ሲሆኑ፣ ሠፈሩ በሙሉ የሚወዳቸው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ቀድመው የሚደርሱ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች ከተባለ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ቮልሳቸውን አስነሥተው የሚወጡ ሰው ናቸው። ከሠፈራችን ልጆች ግማሹ እናታቸው ሆድ ውስጥ ሆነው በዚያች ቮልስ ሐኪም ቤት ሄደዋል። ታዲያ እኚህ ሰው እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከአደባባዩ ማዶ ወዳለችው ግሮሰሪ ብቅ ይላሉ። ብቅ ያሉት ሰውዬ ግን ገባ ብለው፣ ተደላድለው፣ አምስት ስድስት ጠርሙስ ሸኝተው ነው መሪያቸውን የሚጨብጡት። ሲጠጡ ይበልጥ ተጠንቅቀው እንደሚነዱ ያምናሉ። ይህን የማያምን ጠጪ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

የእሳቸው ቮልስ ድምፅ ከሩቅ ይለያል። እትዬ ሙሉነሽ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የግቢውን ብረት በር በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ሰጥተው ይቆማሉ። አይቀመጡም። ያ ድምፅ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ፈጥነው ይገቡና ሽንኩርት ሲልጡ የቆዩ ይመስላሉ፤ ምክንያቱም ጋሽ ወርቁ «ምን እሆን ብለሽ ነው የምትጠብቂኝ?» ብለው ይቀየማሉ። ይህን ሁሉ ከመስኮቴ ስመለከት ኖሬ በስተመጨረሻ መፈክር አደረግኩት። ታላቅ የኪነ ጥበብ ሰው አይደለሁም?

ችግሩ በብዙ እሑዶች መስኮቴ ላይ አለመኖሬ ነው። እትዬ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ እኔ የት እንደነበርኩ ልንገራችሁ? ቮልሷ ውስጥ፣ ከጋሽ ወርቁ ጎን። በራሴ ላይ ስፈርድ ግን መፈክሬን ጠበቃ አደርገው ነበር። «ጠጥተው አያሽከርክሩ» ይላል እንጂ «ጠጥቶ ከሚያሽከረክር ሰው ጎን አይቀመጡ» አይልም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነኝ።

ማስታወቂያው ተቀርጾ በቴሌቪዥን በወጣ ሳምንት ሁላችንም ግሮሰሪዋ ውስጥ ሆነን አየነው። አንጀት የሚበላ ዋሽንት አለው። የተገለበጠ መኪና አለው፤ ደም አለው፤ አስፋልት ላይ የቀረ አንድ ጫማ አለው። (ሁልጊዜ ለምን አንድ ጫማ ብቻ እንደሚቀር ዳይሬክተሩን ብጠይቀው፣ ሁለት ከሆነ ሰውዬው አውልቆት የሄደ ይመስላል አለኝ።) በመጨረሻ በር ላይ የቆመች ሴት ትታይና የእኔ መፈክር በነጭ ፊደል ይወጣል። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው «ነፍስ ይማር» አሉ። ሁላችንም «ነፍስ ይማር» አልን። አንዱ፣ ምስኪን፣ ልጆችም ሳይኖሩት አይቀርም አለ። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሰሙ ባሰባቸውና፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ በደረቅ ጉሮሮ አይሆንም ብለው ለቤቱ በሙሉ አንድ አንድ አዘዙ። ያን ቀን ከወትሮው አንድ ዙር አስበልጠን ነው የተነሣነው። ስንወጣ ባለ ግሮሰሪው ተከትሎኝ መጥቶ፣ ማስታወቂያው ዳግም የሚተላለፈው መቼ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ።

በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤቴ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «መልእክቱ በተመልካቹ ዘንድ ጥልቅ ስሜት ፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ የትኛው ቃል እንደሆነ አሳዩኝ።

በቀጣዩ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ወለል ብላ ሳለች፣ ከግሮሰሪዋ ስንመለስ ቮልሷ መታጠፊያው ላይ መታጠፉን ተወችው። ቀጥ ብላ ሄዳ የእድራችንን ዕቃ ቤት ቆርቆሮ ሰንጥቃ ገባች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የብረት ድስት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሲረጋጋ አንድ የፕላስቲክ ወንበር በተሰበረው መስታወት ገብቶ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቁ መሪውን እንደጨበጡ፣ «ፍሬኑ ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሦስታችን ያልጠጣው ፍሬኑ ብቻ ነበር።

ይህን እያወራሁ እናንተን ላስቅ እችላለሁ፤ ሠፈሩንም ለወራት አስቄበታለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ አለሚቱ የምትባል ሴት አለች። ከመኪናው ስወርድ ምድጃዋ ተጨፍልቋል፤ የምትቀመጥበት በርጩማ ጎማው ሥር ነው። አለሚቱ ከሰል አልቆባት ልታመጣ ማዶ ተሻግራ ነበር። የከሰሉን ፌስታል በሁለት እጇ ታቅፋ መጥታ በርጩማዋን አየችው። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። እኔንና ጋሽ ወርቁን ተራ በተራ አየችንና ፌስታሉን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ያ አስተያየቷ ዛሬም ትዝ ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ሠፈራችን ግን ሲመሽ አንድ ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር፦ ግድግዳው ድሮም ለመንገዱ በጣም ተጠግቶ ነው የተሠራው። ጋሽ ወርቁን ማን ደፍሮ ይናገራል? ግማሹ ሠፈር በእሳቸው ቮልስ ነው ሐኪም ቤት የደረሰው። እሳቸውም አዲስ ምድጃና አዲስ በርጩማ ይዘው ሄደው አለሚቱን ይቅርታ ጠየቁ፤ እሷም አመስግና ተቀበለች። ቆርቆሮው ተመታ፣ ቮልሷ ተጠገነች፣ በሦስተኛው እሑድ ጋሽ ወርቁ ወደ ግሮሰሪዋ ብቅ አሉ። እትዬ ሙሉነሽም ወደ በራቸው ተመለሱ።

ነገሩ የዞረው በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ነው። አጀንዳው የተጣመመ የድንኳን ብረትና የተጨረማመተ ድስት ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቱሉ፣ ዛሬ ቤታችን የቆመበትን መሬት በበሬ ሲያርሱ ያደጉ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። እኔም እጄን አውጥቼ፣ ለሠፈሩ ግንዛቤ ማስጨበጫ የሚሆኑ ፖስተሮች ከመሥሪያ ቤቴ ላመጣ እችላለሁ አልኩ። ጋሽ ቱሉ በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ፖስተሩ ምን ይላል አሉ። የጠጣ ሰው መኪና ሲነዳ እንደሚሞት ያሳያል አልኳቸው። «ልጄ፣ ስለ ሞት ነው የምትነግረን? ለሞትማ ይኸው ተደራጅተን ተቀምጠናል» አሉኝ። ስብሰባው ሳቀ። እኔም ተቀመጥኩ። አሥራ አምስት ዓመት በሙያው ስሠራ የማስታወቂያችንን ድክመት እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳኝ አሠልጣኝ አልገጠመኝም።

አንዱ ተነሥቶ ጠጥቶ ሲነዳ የሞተን ሰው እድሩ አይቅበረው አለ። ጫጫታ ሆነ። ሴቶቹ አንድ ላይ ተነሡበት፤ ልጆቹስ ምን አጠፉ፣ ሚስቱስ ምን አደረገች፣ ጅብ ይብላው ነው የምትለው አሉት። ሰውየው ሐሳቡን አነሣ። ያኔ፣ በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቀው አለሚቱ ከኋላ ቆመች። «ድንኳኑም ይተከል፣ ለቅሶውም ይደረስ» አለች። «ደምሴ ግን ሲጠራ እውነቱን ይጥራ። ጠጥቶ ሲነዳ ነው የሞተው ይበል። ሌላ ሰው ገድሎም ከሆነ ይኸንኑ ይበል።» ብላ ተቀመጠች።

ደምሴ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነው። አባል ሲሞት ማለዳ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። እርግጥ ነው፣ እድራችን ዘመናዊ ነው፤ የቴሌግራም ግሩፕም አለው። ግን በቴሌግራም ብቻ የሞተ ሰው በእኛ ሠፈር ገና እንደታመመ ነው የሚቆጠረው። ሞቱ የሚጸናው በደምሴ ጉሮሮ ነው።

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ሁሉም ጎረቤቱን እያየ እጁን አወጣ። ጋሽ ወርቁ መጨረሻ ላይ አወጡ፤ እጃቸው ግን ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጋሽ ቱሉ እሱንም ቆጠሩት።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ወርቁ ማታ ራት በልተው ቤቴ መጡ። ሰውነታቸው ከሳ ብሎ ታየኝ። አንተ የቃል ባለሙያ ነህ፣ ይቺን ነገር አለዝባት አሉኝ። ብዙ ደከምን። እኔ «ከመጠነኛ መዝናናት በኋላ በደረሰ አደጋ» የሚል አቀረብኩ፤ ደምሴ ትንፋሽ አይበቃውም ብለው ጣሉት። «ቀማምሰው ሲነዱ» አልኩ፤ ያው ነው አሉ። እሳቸው በበኩላቸው «በፍሬን ምክንያት» የሚል አቀረቡ፤ ቀና ብዬ አየኋቸው። ከዚያ አቀርቅረው፣ መሞቱንስ እሞታለሁ፣ ሰባን አልፌያለሁ አሉኝ፤ ግን ዕድሜ ልኬን ጋሽ ስባል፣ ፎርማን ስባል ኖሬ በመጨረሻው ቀን ከስሜ በፊት ስካሬ ይጠራ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ ሁሉ ደም፣ ያ ሁሉ ዋሽንት፣ ያ አንድ ጫማ ያላስፈራቸውን ሰው ያን ቀን ፈርተው አየኋቸው። አሳዘኑኝም፤ በደምሴ ጡሩንባም ቀናሁ።

ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው አንድ ሐሳብ አመጡ። ጆሮ ሰምቶት ስለማያውቅ ይሆናል የከበደን፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንስማው አሉ። በእሳቸው ግቢ፣ በቀስታ፣ ለእኔና ለእሳቸው ብቻ። ቅዳሜ ደግሞ እትዬ ሙሉነሽ ጀሞ ያለችው ልጃቸው ጋ ይውላሉ፤ ማንም አያውቅም።

ደምሴ በሕይወት ያለ ሰው አልጠራም፣ ነውር ነው፣ ሟርት ነው ብሎ ሞገተ። ጋሽ ወርቁ «በሞቴ!» ብለው ለመኑት። በሞታቸው ስለ ሞታቸው ሲለመን ግራ ገባውና እሺ አለ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ እኔም ነበርኩ። ቀስ ብለህ አልነው። ራሱን ነቀነቀ። ግን እስቲ አስቡት፦ ሃያ ዓመት ሙሉ ማዶ ለማዶ እንዲሰማ ሲጠራ የኖረ ጉሮሮ ቀስታን ከየት ያመጣል? ጡሩንባውን አንዴ ረዥም ነፋ፤ ራሱን ረሳ፤ የግቢው በር ላይ ወጥቶ ወደ መንገዱ ዞረ። «የእድራችን አባላት ሆይ! ጠጥተው መኪና ሲነዱ የሞቱት አቶ ወርቁ…» ብሎ አስተጋባው። የቀብር ሰዓት ስላልተነገረው ትንሽ ተቸገረና፣ ከሙያ ጉድለት እንዳይቆጠርበት ብሎ «ሰዓቱ ወደፊት ይገለጻል!» የሚል ከራሱ ጨመረበት።

ጡሩንባ በማለዳ ከተነፋ ሰው ታሞ ሞቷል ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ከተነፋ ግን ድንገተኛ ነው። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ወዬ ወዬ እያሉ ግቢውን ሞሉት፤ ወንዶቹ ያንኑ የተጣመመ የድንኳን ብረት ተሸክመው ደረሱ። ደምሴ በመካከላቸው እየሮጠ፣ አልሞቱም፣ ልምምድ ነው ይላል። ማን ይስማው? ደምሴ ሞት ሲናገር እንጂ ሕይወት ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። አይዞህ፣ ሥራህ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

እኔና ጋሽ ወርቁ ጓዳ ውስጥ ነበርን፤ ከሳሎኑ የሚለየን አንድ መጋረጃ ነው። እንውጣ አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን እጅጌዬን ያዙኝና «ቆይ፣ ትንሽ» አሉ። ገባኝ። ሰው የራሱን ለቅሶ በጆሮው የመስማት ዕድል ስንቴ ያገኛል? የሐኪም ቤቱ መመላለስ፣ የምጡ፣ የድንኳኑ ነገር ሲነሣ ሰምተው ሊወጡ ነው።

ጠበቅን። «አላልኩም?» አለ አንዱ። «እኔማ ስንቴ ነግሬያቸው!» አለች ሌላዋ። አንድም ቀን ተናግሯቸው የማያውቀው ሠፈር ለካ ሁሉም ነግሯቸው ነበር። ባለ ግሮሰሪው ሊከላከልላቸው ብሎ፣ ኧረ ባለፈው እሑድ እንኳ ሁለት ብቻ ነው የጠጡት አለ። ስለ ሐኪም ቤቱ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ እንደ ፈራነው «ጠጥተው» የምትለዋ ቃል ቀድማ ገብታ በሩን ዘግታባቸው ነበር። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብቻቸውን ነው ወይስ የሰው ልጅም አብሮ አለ ብሎ ጠየቀ። የአለሚቱን ድምፅ ሰማሁ፤ «ደግሞ የማን ቤት ይሆን ድንኳን የሚተከለው?» አለች። ጋሽ ወርቁ እጅጌዬን ለቀቁ።

በዚህ መሐል ግቢው ባንዴ ጸጥ አለ። እትዬ ሙሉነሽ ከጀሞ መጥተው ከሚኒባስ ወርደዋል። ሰው መንገድ ከፈተላቸው። ጩኸት ጠብቀን ነበር፤ አልጮኹም። ሳሎኑ መሐል ቆመው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ዛሬ ቆሜ አልጠበቅኩትም» አሉ። ሴቶቹ ደግፈው ሊያስቀምጧቸው ሲሉ አንዷን በስሟ ጠርተው፣ «ጥቁር ልብሴ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ነው ያለው፤ ካዘጋጀሁት ቆይቷል» አሏት።

በመጋረጃው ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን የጋሽ ወርቁን ፊት አየሁት፤ እንዴት እንደነበር ግን አልነግራችሁም። እኔ አለቀስኩ። አላፍርበትም። የዚያን ልብስ መኖር በየእሑዱ ሳጥኑን እየከፈቱ ሲያረጋግጡ ኖረዋል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ የቆሙበትን በር ብቻ አይቼ መፈክር ጽፌበታለሁ።

ጋሽ ወርቁ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አልችልም። ድንኳን የሚተክሉት ብረቱን ለቀቁትና ሸራው ደጅ ባለው ለቀስተኛ ላይ ወረደ። ባለ ግሮሰሪው በመስኮት ወጣ። ጋሽ ቱሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው በስመ አብ አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ቀጥ ብለው ሄደው፣ ከሞት የተነሣውን ባላቸውን አንገት ይዘው አፋቸውን አሸተቱ። «ውኃ ነው» አሏቸው ጋሽ ወርቁ። ያኔ ነው እትዬ ሙሉነሽ የባላቸውን ደረት በሁለት እጃቸው እየደበደቡ የስንት ዓመቱን ያለቀሱት። ጋሽ ወርቁም እየተደበደቡ ቆመው፣ «ሰማሁት፤ ሰማሁት» ብቻ ነበር የሚሉት።

እዚህ ላይ ባበቃ እንዴት ያለ ማስታወቂያ ይወጣው ነበር! ግን እኛ ሠፈር የተሰበሰበ ሰው እንዲሁ ይበተናል እንዴ? የሞተ ተነሥቶ? ከግሮሰሪዋ ሣጥን በሣጥን መጣ። መርዶውን በስልክ ሰምቶ ከጀሞ የመጣ አንድ ዘመዳቸው ከመኪናው ኋላ አረቄ አወጣ። «እንኳን ኖሩልን!» እያልን ጠጣን። ለጤናቸው ጠጣን፣ ለዕድሜያቸው ጠጣን፣ ጠጥቶ አለመንዳት ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደሆነ እየተነጋገርን ጠጣን። ጋሽ ወርቁ ብርጭቆ ሊያነሡ በቃጡ ቁጥር ደምሴ ፊት ለፊታቸው ጡሩንባውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። እሳቸውም ውኃቸውን ይጎነጫሉ።

መሽቶ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ሰው መነሣሣት ጀመረ። ጋሽ ቱሉ ፒክ አፕ ይዘዋል፤ የጀሞው ዘመድ መኪና ይዟል፤ ባለ ግሮሰሪውም በበሩ ተመልሶ ነበርና መኪና ይዟል። የጀሞው ሰው ክንዴን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ወንድሜ ሰው እያለቀ ነው እኮ አለኝ። ቁልፉ ጠፍቶት ነበር። እኔ፣ የመፈክሩ ደራሲ፣ ከወንበር ሥር ፈልጌ አገኘሁለትና እጄን ዘረጋሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት አለሚቱ ከበሩ በኩል፣ ረጋ ብላ፣ «ደምሴ፣ ጉሮሮህን አዘጋጅ፤ ነገ ብዙ ስም ሳይኖርብህ አይቀርም» አለች።

የጀሞው ሰው እጁን ሰበሰበ። ጋሽ ቱሉ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንድ ሰፌድ ላይ ጣሉት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ግን አሁን ይህን ሁሉ ሰው ማን ቤቱ ያድርሰው? ዞር ዞር ብለን ተያየን። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መኪና ለመንዳት የሚበቃ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ሟቹ ነበሩ።

ቮልሷ አራት አራት ሰው እየጫነች ነፋስ ስልክ ደረሰች፣ ጀሞ ደረሰች፣ ተመለሰች። እኔ ለማገዝ ብዬ ሁሉንም ዙር አብሬ ሄድኩ፤ ማገዜ የሰውን ጭንቅላት ከመስኮት ወደ ውስጥ መመለስ ነበር። ወደ ጀሞ ስንሄድ የእኔ መፈክር የተጻፈበት ትልቁ ቢልቦርድ ፊት ለፊታችን መጣ። ከኋላ የተቀመጠው የጀሞው ዘመድ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አነበበና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እንዴት ያለ ቃል ነው፣ የጻፈው ሰው አንድ ሊገዛለት ይገባል አለ። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ «አትረብሹ፤ ሟች እየነዳ ነው» አሉ።

የመጨረሻውን ሰው አድርሰን ስንመለስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። የእድሩን ዕቃ ቤት መታጠፊያ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልበለጠ ፍጥነት አለፍነው። ቮልሷ እንደ ልማዷ እየጮኸች ነው። ሁለታችንም ሳንነጋገር ወደ ብረቱ በር አየን። ያ እጅ የለም። በሩ ላይ ማንም የለም።

ጋሽ ወርቁ ሞተሩን ሳያጠፉ ዘለው ወረዱ። «ሙሉነሽ ምን ሆና ነው?» እያሉ ሲሮጡ እኔም ተከተልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስጨንቁ የኖሩ ሰው ጭንቀት ምን እንደሚመስል በዚያች አሥር ሜትር ውስጥ አዩት። የቤቱን በር ቀስ ብለው ከፈቱ። እትዬ ሙሉነሽ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሶፋው ላይ ጥቅልል ብለው ተኝተዋል። ያንኮራፋሉ። የቮልሷ ጩኸት አልቀሰቀሳቸውም።

ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ ዞር ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩልኝ።

«አየህ አይደል? መፈክርህ ውሸት ሆነ።»